መሪ ሲዞር የሚሰማ ድምፅ፦ ዕቃ ከመግዛታችን በፊት ምን እንመርምር?

የመነሻ ጽሑፍ

የተከበራችሁ የመድረኩ አባላት፣ ምክራችሁን የምሻበት ጉዳይ የሚከተለው ነው። የምነዳት መኪና በ2007 እ.ኤ.አ. የተመረተች ናት፤ አዲስ አበባ ውስጥ ከሰፈሬ ወደ ዋናው አስፋልት የምወጣውም በኮብልስቶን መንገድ ነው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ በቀጥታ መንገድ ላይ ጸጥ ብላ ትሄድና ስትታጠፍ ብቻ ድምፅ ታሰማለች። አንድ ጋራዥ ሁለቱም የፊት ድራይቭ ሻፍቶች (ኃይልን ከካምቢዮው፣ ማለትም ከማርሽ ሳጥኑ፣ ወደ ጎማ የሚያደርሱት ዘንጎች) መለወጥ አለባቸው አለኝ፤ ሌላው ደግሞ የመሪ ሳጥኑ (የመሪውን መዞር ወደ ጎማዎቹ የሚያስተላልፈው ክፍል) አልቋል ብሎ ነገረኝ። ይሁንና አንዳቸውም መኪናዋን ነድተው አልሞከሯትም፤ በክሪክ አንሥተው ጎማዋን አልነቀነቁም። ኮፈኑን ከፍተው ካዩ በኋላ ወዲያው ዋጋ ጠሩልኝ።

እኔ የማምነው ድምፁ ራሱ መረጃ መሆኑን ነው። መቼ እንደሚሰማ፣ ከምን ጋር አብሮ እንደሚመጣና በምን ሁኔታ እንደሚጠፋ በሥርዓት ከተጠየቀ፣ የተጎዳው ክፍል አንድ ብር ሳይወጣ ሊታወቅ ይችላል። በሙያው ያላችሁም፣ በራሳችሁ መኪና ተመሳሳይ ነገር የገጠማችሁም፣ ምን በምን ቅደም ተከተል መመርመር እንዳለብኝ እንድትነግሩኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

የውይይቱ ክር ስለረዘመና በመካከሉ ሌሎች ጉዳዮች ስለገቡበት፣ ዘግይቶ ለሚደርስ አንባቢ እንዲመች ምላሾቹን በተራ ቁጥራቸው በራሴ አገላለጽ ከዚህ በታች አስፍሬያቸዋለሁ፤ አስተያየት ባለኝ ቦታ ላይም ጨምሬበታለሁ።

ምላሽ 1

የመጀመሪያው ምላሽ ሰጪ ከመመለስ ይልቅ መጠየቅን መረጡ። ድምፁ መኪናው ቆሞ መሪው ብቻ ሲዞር ይሰማ እንደሆነ ወይስ ጎማው መሽከርከር ሲጀምር፤ ነዳጅ ሲሰጡት ይብስ እንደሆነ ወይስ እግር ከፔዳሉ ሲነሣ፤ የጎማውን ፍጥነት ተከትሎ ይፈጥን እንደሆነ ወይስ አንዴ ብቻ ተሰምቶ ያበቃ እንደሆነ፤ ፍጥነት መቀነሻ ሲወጡና ሲወርዱም ይኖር እንደሆነ፤ ፍሬን ሲይዙ ይለወጥ እንደሆነ በዝርዝር ጠየቁኝ። የጎማውን ፍጥነት የሚከተል ድምፅ ከሚሽከረከር ክፍል፣ ማለትም ከድራይቭ ሻፍት፣ ከኩሽኔታ (ጎማው ተሸክሞት ከሚሽከረከረው መቀመጫ)፣ ከፍሬን ዲስክ ወይም ከራሱ ከጎማው እንደሚመጣ፣ ቆሞ የሚሰማው ደግሞ ከመሪው አካላት፣ ከሾክ አብዞርበሩ የላይኛው መቀመጫ ወይም ከቦል ጆይንት (የጎማውን ማቀፊያ ከመኪናው እግር ጋር ከሚያያይዘው ተጣጣፊ መጋጠሚያ) እንደሚመጣ አስረዱ። በእኔ ግምት ለዚህ ክር ሁሉ መሠረት የጣለው ይህ ጥያቄ ነው፤ ከተጠርጣሪዎቹ ግማሹን በአንድ ጊዜ ያስወጣልና።

ምላሽ 2

ይህ የእኔ ነበር። የመኪናዋን ሞዴል በመነሻ ጽሑፉ ባለመጥቀሴ ቶዮታ ቪትዝ መሆኗን ገለጽኩና፣ በተጠየቅሁት መሠረት በጥሞና ሳዳምጥ አንድ ድምፅ ሳይሆን ሁለት መሆናቸውን እንደደረስኩበት ጻፍኩ። አንደኛው መኪናዋ ቆማ መሪው ወደ መጨረሻው ሲጠጋ፣ የታመቀ ነገር ድንገት እንደሚለቀቅ ጓ የሚል፣ በመሪውም ላይ በእጅ የሚታወቅ ነው። ሁለተኛው ጠባብ ቦታ ላይ ዞሬ ስመለስ ነዳጅ ስሰጣት ጠቅ ጠቅ ጠቅ እያለ ከጎማው ጋር የሚፈጥን ነው። በቀጥታ መንገድ ሁለቱም የሉም።

ምላሽ 3

ከላዳና ከኮሮላ ዲኤክስ ዘመን ጀምሮ በሙያው የቆዩ አንድ አንጋፋ መካኒክ፣ ጠቅ ጠቅ የሚለው የውጭው ሲቪ ጆይንት መሆኑን ያለ ማመንታት ጻፉ። እነዚያ የቀድሞ መኪኖች የሚነዱት በኋላ ጎማ ስለነበር የፊት ጎማቸው ሥራው መታጠፍ ብቻ ነበር፤ ቪትዝን በመሰሉ መኪኖች ግን የፊቱ ጎማ ይታጠፋል፣ ኃይልም ይቀበላል። ሁለቱን ሥራ አንድ ላይ የሚያስችለው ውስጡ ስድስት የብረት ኳሶች ያሉት ሲቪ ጆይንት ነው። ኳሶቹ የሚመላለሱበት ቦይ ሲበላ፣ ጎማው በጣም ታጥፎ ጭነት ሲመጣበት እያንዳንዱ ኳስ ከተቦረቦረው ቦታ ሲያልፍ ይቆረቁራል፤ የሚሰማው ጠቅታ ያ ነው።

መበላቱ በአብዛኛው የሚጀምረው ከላስቲክ ሽፋኑ መቀደድ እንደሆነም አስረዱ። ሽፋኑ ሲቀደድ ግሪሱ ጎማው በተሽከረከረ ቁጥር ወደ ውጭ ይረጫል፤ በምትኩ አቧራና ውኃ ይገባል። ስለዚህ መሪውን እስከ መጨረሻው አዙሬ ከጎማው ጀርባ እንድመለከት፣ በቸርኬው ውስጠኛ ክፍልና በሾክ አብዞርበሩ ላይ የተረጨ ጥቁር ግሪስ ካለ ጥርጣሬው እንደተረጋገጠ እንድቆጥረው ነገሩኝ። ጠቅታው ከመጀመሩ በፊት የተቀደደ ሽፋን የተገኘለት ሰው ጆይንቱን አጥቦ፣ አዲስ ግሪስ ሞልቶ፣ ሽፋኑን ብቻ ለውጦ ሊድን ይችላል፤ ጠቅታው ከተሰማ በኋላ ግን የተበላ ብረት በግሪስ አይመለስም ብለው አስጠነቀቁ። ለመፈተኛ የመረጡትም ሰው የማይበዛበት ክፍት ሜዳ ነው። መስኮት ተከፍቶ፣ መሪው እስከ መጨረሻው ዞሮ፣ በዝግታ ነዳጅ እየሰጡ በክብ መንዳት፣ ከዚያም በተቃራኒው መድገም፤ በተቻለ መጠንም ድምፁን መልሶ በሚያሰማ የግንብ አጥር አጠገብ።

ምላሽ 4

አንድ ወጣት የቪትዝ ባለቤት የአንጋፋውን ሐሳብ ደግፎ አንድ ሕግ ጨመረበት። ወደ ግራ ሲታጠፍ የሚጮኽ ከሆነ የተበላሸው የቀኙ ነው፤ ወደ ቀኝ ሲሆን ደግሞ የግራው ነው፤ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም ሲል ደመደመ።

ምላሽ 5

ይህ ድምዳሜ አንድ የመካኒካል ምሕንድስና መምህርን አነሣሣ። ጽሑፋቸው ረጅምና ጨዋ ነበር። ተቃራኒውን ወገን የመጠርጠር ሕግ ትክክል የሚሆነው ለኩሽኔታ ነው፤ መኪናው ወደ ግራ ሲታጠፍ ክብደቱ ወደ ቀኝ ስለሚያጋድል፣ የተበላ የቀኝ ኩሽኔታ ያን ጊዜ ማጓራቱን ይጨምራል አሉ። በሲቪ ጆይንት ግን ወሳኙ ክብደቱ ብቻ ሳይሆን የማጠፊያው ማዕዘን ጭምር ነው፤ መኪናው ሲታጠፍ ደግሞ ወደ ውስጥ ያለው ጎማ ከውጭው ይልቅ በበለጠ ማዕዘን ይታጠፋል። ስለዚህ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሰማ ጠቅታ ከሁለቱም ወገን ሊመጣ ይችላል፤ አቅጣጫውን ብቻ አይቶ ዕቃ መግዛት ሎተሪ መቁረጥ ነው።

መምህሩ ታሪኩንም አከሉበት። ይህ ባለ ስድስት ኳስ ጆይንት የአልፍሬድ ዜፓ የ1926 እ.ኤ.አ. ሥራ ሲሆን፣ በ1959 እ.ኤ.አ. የወጣችው የእንግሊዟ ሚኒ ሞተሯን አግድም አድርጋ በፊት ጎማ የመነዳትን አሠራር ለብዙኃኑ ያደረሰችው በዚህ ዓይነት ጆይንት አማካይነት እንደነበር፣ እስከ 45 ዲግሪ ገደማ ታጥፎም ኃይልን ያለ መንገጫገጭ የማስተላለፍ ችሎታው ለፊት ጎማ ያስመረጠው መሆኑን ገለጹ። በሻፍቱ ሌላኛው ጫፍ፣ በካምቢዮው በኩል ያለው ጆይንት ግን ዓይነቱ ሌላ ነው። እሱ ሲያልቅ ምልክቱ በመታጠፍ ሳይሆን በቀጥታ መንገድ ነዳጅ ሲሰጡ በሚሰማ መንቀጥቀጥ ይታያል።

ምላሽ 6

አራተኛው ምላሽ ሰጪ ተመልሶ መጣ፤ አነጋገሩም ጠነከረ። ጥቁር ሰሌዳ ላይ የሚሣል ማዕዘን መኪና እንደማይጠግን፣ እርሱ የራሱን መኪና በዚያው ሕግ አስመርምሮ እንደተሳካለት፣ መምህሩም እጃቸው ግሪስ ነክቶ እንደሆነ እንደሚጠራጠር ጻፈ። የመጨረሻው ሐረግ ከመድረኩ ሥነ ምግባር የወጣ ነበር ብዬ አምናለሁ። ሕጉ አንድ ጊዜ መሥራቱ ሁልጊዜ ለመሥራቱ ማስረጃ አይሆንም፤ ሁለት ተጠርጣሪ ባለበት በዘፈቀደ የጠቆመም ሰው ከሁለት አንዴ ይሳካለታል።

ምላሽ 7

አንጋፋው መካኒክ ሁለቱንም በአክብሮት አረጋጉ። ወጣቱን ልጄ እያሉ፣ መምህሩን ደግሞ አንቱ ብለው፣ በጋራዥ ውስጥ ክርክሩን የሚፈታው ዓይንና እጅ መሆኑን አስረዱ። የፊቱ ጎማዎች ተነሥተው፣ መኪናው በጠንካራ ማቆሚያ ላይ ተደግፎ፣ ሻፍቱ በአንድ እጅ ተይዞ ጎማው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲወዛወዝ በጆይንቱ ላይ የሚገኘው ልቅነት ከግራው ወደ ቀኙ ይነጻጸራል። ሽፋኑ የተቀደደው የትኛው እንደሆነ ሲታይ ደግሞ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ጥርጥር ይገኛል። በክሪክ ብቻ ከተንጠለጠለ መኪና ሥር ማንም እንዳይገባም አጥብቀው አሳሰቡ። የእነዚህ አንጋፋ ሰው ትሕትና ክሩን ከመበጠስ እንዳዳነው መመስከር እወዳለሁ።

ምላሽ 8

እስከዚህ ድረስ ጓ የሚለውን የመጀመሪያ ድምፄን ማንም አላነሣውም ነበር። ያነሡት በዕለት ተዕለት ሥራቸው ብዙ የሚነዱ አንዲት እህት ናቸው። በእርሳቸው መኪና ላይ ተመሳሳዩ ሲደርስ የመሪ ሳጥን ለመለወጥ ተቃርበው እንደነበር፣ በኋላ ግን በሾክ አብዞርበሩ ራስ ላይ ያለው የላይኛው መቀመጫና በውስጡ ያለችው ኩሽኔታ መድረቋ እንደተገኘ ተረኩ። መሪው ሲዞር ሞላው ከሾክ አብዞርበሩ ጋር አብሮ መዞር አለበት። ኩሽኔታዋ ከተያዘች ግን ሞላው እየተጠመዘዘ ይታመቅና አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ድንገት ይፈናጠራል፤ ጓ የሚለው ያ መፈናጠር ነው።

የሚመረመርበት ዘዴ ቀላል መሆኑንም ጻፉ። መኪናው መሬት ላይ ቆሞ፣ ሞተሩ ተነሥቶ፣ አንድ ሰው መሪውን በዝግታ ከዳር እስከ ዳር ያዞራል፤ ሌላው ኮፈኑን ከፍቶ የመቀመጫውን ራስ በእጁ ይዳብሳል። ከተቻለም እጁን ከውጭ በኩል በሞላው ላይ ቀስ ብሎ ያሳርፋል፤ ጣቱን ግን በሞላው ቀለበቶች መካከል ፈጽሞ አያስገባም። ሞላው ሳይዘል ለስለስ ብሎ የሚዞር ከሆነ መቀመጫው ደኅና ነው። ክብደቱ ጎማው ላይ ካላረፈ ድምፁ ሊጠፋ ስለሚችል በክሪክ አንሥቶ መፈተሽ እንደሚያሳስት ማከላቸው በጣም ጠቃሚ ነበር። የነዳጅም የጎማም ፍጥነት ያልነካው ድምፅ እንዴት ከድራይቭ ሻፍት ጋር ተቀላቅሎ ዋጋ እንደተጠራልኝ የገባኝ ይህን ሳነብ ነው።

ምላሽ 9

ዘጠነኛው ጽሑፍ ቁጣ ያዘለ ነበር፤ ቁጣውም ተገቢ ነው። ጸሐፊው እስካሁን ሁሉም የሚያወራው ስለሚጮኽ ነገር እንጂ ስለሚገድል ነገር አይደለም ብለው ተነሡ። ማንኛውም ሰው ሲታጠፍ የሚቋቋ ድምፅ ከሰማ በመጀመሪያ የጎማ ዳዶዎቹ መጥበቃቸውን፣ ቀጥሎ ቦል ጆይንቱን፣ ከዚያም ቴስቲናውን (የመሪውን ዘንግ ከጎማው ጋር የሚያገናኘውን ጫፍ) ሳያረጋግጥ ረጅም መንገድ መውጣት የለበትም። ወደ አዳማ በሚወስደው አሮጌው መንገድ ላይ ቦል ጆይንቱ ወልቆ የፊት ጎማው ወደ ውስጥ የታጠፈ መኪና በዓይናቸው አይተዋል። ያ መኪና ከዚያ በፊት ሲታጠፍና ጉድጓድ ሲገባ ይጮኽ እንደነበር፣ ሾፌሩም ድምፁን ለምዶት እንደነበር ከራሱ ከሾፌሩ ሰምተዋል።

የፈተሻውን ዘዴ በአጭሩ አስቀመጡት። የተነሣው ጎማ በላይና በታች ተይዞ ሲነቀነቅ ልቅነት ካለው ኩሽኔታ ወይም ቦል ጆይንት፣ በግራና በቀኝ ተይዞ ሲነቀነቅ ካለው ደግሞ ቴስቲና ወይም የመሪ ዘንግ ይጠረጠራል። ረዳት ፍሬን ረግጦ ሳለ የላይና የታቹ ልቅነት ከጠፋ ጥፋቱ የኩሽኔታው ነው፤ ካልጠፋ ቦል ጆይንቱን ማየት ነው። ትንሽ ፍጥነት መቀነሻ ላይ ጭምር ቋ ቋ የሚል ድምፅ ሲሆን የስታብላይዘር ሊንክ (መኪናው ሲታጠፍ እንዳያጋድል የሚይዘው ዘንግ ማያያዣ) ወይም የብራቾ (ጎማውን የሚይዘው የታች ክንድ) ጎሚኒ ሊሆን ይችላል፤ እነዚህ ግን ጊዜ ይሰጣሉ። ቦል ጆይንት ጊዜ አይሰጥም።

እኔ በዚህ ላይ አንድ ነገር እጨምራለሁ። የተበላ ሲቪ ጆይንትም ቢሆን እንደ ቀላል ሊታይ አይገባም። ሻፍቱ ከተሰበረ ኃይልን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍለው ዲፈረንሻል ኃይሉን በሙሉ ወደተሰበረው ወገን ስለሚለቀው መኪናው መንቀሳቀስ ያቆማል፤ ከዚህም በላይ አውቶማቲክ ካምቢዮ በፓርክ ላይ ቢደረግ እንኳ ጎማውን አይዝም። ዳገት ላይ የሚያድነው የእጅ ፍሬን ብቻ ነው።

ምላሽ 10

አሜሪካ ቨርጂኒያ የሚኖሩ አንድ ወገናችን ክሩን ወደ ሆንዳ ሲአርቪ ወሰዱት። በቀደሙት ትውልዶች ባለ አራት ጎማ ነጂ ሲአርቪዎች ላይ ጠባብ ቦታ ሲታጠፍ ከኋላ የሚያቃስትና የሚያንቀጠቅጥ ድምፅ ሲሰማ፣ አብዛኛውን ጊዜ የኋላው ዲፈረንሻል ዘይት እንዳረጀ ወይም ተራ ዘይት እንደተሞላበት ያመለክታል። መድኃኒቱ በሁለት ፖምፖች ለሚሠራው ለዚያ ዲፈረንሻል በተዘጋጀው የሆንዳ ዘይት መለወጥ ነው። በክረምት አውራ ጎዳና ላይ የሚበተነው ጨው የሻፍቱን ዳዶና ጥርስ ከጎማው ማቀፊያ ጋር ስለሚያዝገው ማላቀቁ ትልቅ ሥራ እንደሚሆን ጽፈው፣ አዲስ አበባ ያለን ሰዎች ከዚህ መከራ ነፃ በመሆናችን ደስ ሊለን እንደሚገባ አከሉ። ከጥያቄዬ የራቀ ቢሆንም ሲአርቪ የሚነዱ ብዙዎች ስለሆኑ ሳላሳጥር አሰፈርኩት።

ምላሽ 11

ቦረና ውስጥ ለመስክ ሥራ ባለ 70 ተከታታዩን ላንድክሩዘር የሚነዱ አንድ ሾፌር ከአሥረኛው ተነሥተው ቀጠሉ። መካከለኛ ዲፈረንሻል የሌለው ባለ አራት ጎማ መኪና በአራቱም ጎማ እንደተያዘ ደረቅ አስፋልት ላይ ሲታጠፍ፣ የፊትና የኋላ ጎማዎቹ የሚጓዙት ርቀት ስለሚለያይ አካሉ ይወጠራል፤ መሪው ይከብዳል፤ ጎማው እየዘለለ ያቃስታል። ይህ ብልሽት ሳይሆን አለአግባብ አጠቃቀም ነው፤ አስፋልት ሲገባ ወደ ሁለት ጎማ መመለስ ብቻ ይበቃል። ከዚህ ሌላ፣ የፊት ጎማ ማቀፊያዎቹ ሲቆለፉ ብቻ የሚሰማ ጠቅታ ካለ በፊት አክስሉ ጉልበት ውስጥ ያለው ጆይንት እንዳለቀ ይነግራል። የግራውንና የቀኙን ጆይንት ማቀያየር ወደ ፊት ሲነዳ ኳሶቹ ያልተበላውን ገጽ እንዲገፉ ስለሚያደርግ፣ ድምፁን ለጊዜው እንደሚያጠፋና ከመስክ ለመመለስ እንደሚያስችል ጻፉ። የጉልበቱ ግሪስ ቀጥኖ ሾርባ ከመሰለ የዲፈረንሻሉ ዘይት የሚያግደውን ማኅተም አልፎ ገብቶበታልና ማኅተሙ ሳይለወጥ ግሪስ ቢሞላ ከንቱ ድካም ነው።

ምላሽ 12 እና 13

አሥራ ሁለተኛው ጸሐፊ የመሪ ዘይቴን እንድሞላና የፖምፓውን ቺንጋ እንዳጠብቅ መከሩኝ። አሥራ ሦስተኛው ምላሽ በቁጣ የታጀበ እርማት ነበር። ቪትዝ መሪው በኤሌክትሪክ ሞተር የሚታገዝ ስለሆነ ዘይትም፣ ፖምፓም፣ ለእርሱ የተመደበ ቺንጋም የለውም፤ የመኪናውን ዓይነት ሳያነቡ መምከር ሰውን ለወጪ መዳረግ ነው ሲሉ ጸሐፊው ተቆጡ። እርማቱ ትክክል ነው። ሆኖም የአሥራ ሁለተኛው ምክር የዘይት መሪ ላላቸው መኪኖች ዋጋ ስላለው መጣል የለበትም። በእነዚያ መኪኖች መሪው ሲዞር እያፏጨ የሚያጓራ ድምፅ የዘይት ማነስን ወይም አየር መግባትን ያመለክታል፤ ዘይቱ አረፋ ካወጣ አየር ገብቶበታል ማለት ነው። ሞተሩ ሲነሣና መሪው ሲዞር ሲጥ የሚለው ደግሞ የላላ ቺንጋ ነው። መሪው እስከ መጨረሻው ሲደርስ የሚሰማው ማቃሰት የግፊት መልቀቂያው ሥራ ስለሆነ ብቻውን ብልሽት አይደለም፤ መሪውን እዚያው ለረጅም ጊዜ ይዞ መቆየት ግን ፖምፓውን ያሞቃል። የዘይቱም ዓይነት ይለያያል፤ ብዙዎቹ የቀድሞ ቶዮታዎች የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ሲቀበሉ ሆንዳ ግን የራሱን ይፈልጋል።

ምላሽ 14

ይህ ምላሽ ብዙዎቻችን ያላሰብነውን ከፈተ። ጸሐፊው በአገራችን ከሚሽከረከሩት ቪትዞች መካከል ከጃፓን በቀኝ መሪ ተሠርተው በኋላ ወደ ግራ የተቀየሩ መኖራቸውን አስታወሱ። በእንደዚህ ዓይነቱ መኪና ላይ ከመሪው ወደ መሪ ሳጥኑ የሚወርደው መካከለኛ ዘንግና መስቀል ጆይንቱ በተሠሩበት ማዕዘን ላይ ላይቀመጡ ስለሚችሉ፣ ቆሞ መሪ ሲዞር ጓ የሚለው ከዚያም ሊመጣ ይችላል። ሁለቱን ለመለየት ረዳት መሪውን ሲያዞር ሌላው ሰው ዘንጉን ከፔዳሎቹ በላይ በእጁ ይዞ ያዳምጥ፤ ማንኳኳቱ በእጁ ከተሰማው ምንጩ ዘንጉ ነው፤ ካልተሰማው ወደ ሾክ አብዞርበሩ ራስ ይሂድ አሉ። በአንዳንድ የሃዩንዳይና የኪያ ሞዴሎች የመሪው ኤሌክትሪክ ሞተር ውስጥ ያለች ትንሽ የላስቲክ ማያያዣ ስታልቅ ተመሳሳይ ድምፅ እንደምትሰጥ፣ እርሷን ብቻ መለወጥ ሲበቃ ሙሉ መሪ የሚያስገዙ እንዳሉም ጠቀሱ።

መሪው ሲዞር ከመሪው መሐል እንደ ወረቀት መፋተግ የሚሰማ ከሆነና ጡሩምባው መሥራት ካቆመ ደግሞ ለኤርባጉ ኤሌክትሪክ የሚያደርሰው ጥቅል ሽቦ ተጎድቷል ማለት ነው። ያን ለመክፈት ባትሪው ተፈትቶ ቢያንስ 90 ሰከንድ ሳይጠበቅ እጅ ማስገባት በኤርባግ መመታትን ሊያስከትል ይችላል።

ምላሽ 15

አጭር ነበር። ኮረኮንች መንገድ ከሄዱ በኋላ ሲታጠፉ ብረት ከብረት የሚፋጭ ድምፅ ከሰሙ ከመጨነቅዎ በፊት በፍሬን ዲስኩና በጀርባው ባለው ቀጭን ቆርቆሮ መካከል ጠጠር መግባቱን ይመልከቱ የሚል ነው። ቆርቆሮውን በካቻቢቴ ጥቂት ገለጥ አድርጎ ጠጠሩን ማውጣት ይበቃል። ትልቅ ጎማ ያስገጠሙም መሪው ሲዞር ጎማው የፓራፋንጎውን ውስጠኛ ላስቲክ የነካበትን ቦታ ይፈልጉ።

ምላሽ 16

መርካቶ ሶማሌ ተራ ዕቃ መግዛት የለመዱ አንድ አባል ስለ አሮጌ ድራይቭ ሻፍት ጻፉ። አገልግሎት የሰጠ ሻፍት ሲገዛ ጆይንቱን በእጅ አጥፎ ማሽከርከር፣ መቆርቆርና ቦታ ላይ መያዝ ካለበት መተው፣ የላስቲክ ሽፋኑ አዲስ መሆኑ ብቻውን እንዳያታልል መጠንቀቅ፣ የውስጥና የውጭ ጥርሱን ቁጥር ከአሮጌው ጋር ማነጻጸር፣ በጆይንቱ ላይ ለኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ ለሚከላከለው ሥርዓት) ማንበቢያ የሚሆን ባለ ጥርስ ቀለበት ካለም ጥርሱን መቁጠር ያስፈልጋል። እዚህ ላይ አንድ ሌላ አባል ገብተው ስለ ርካሽ አዲስ ሻፍቶች ጥራት፣ ስለ ነጋዴዎችም ታማኝነት ረዥም ምሬት ጻፉ፤ ከጉዳያችን የወጣ ስለሆነ አልደገምኩትም።

ምላሽ 17

የኤሌክትሪክ መኪና የሚነዱ አንድ ጸሐፊ ጉዳዩ ለወደፊቱም እንደሚያስፈልገን አመለከቱ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪኖች በዝተዋል። የሞተር ድምፅ ስለሌላቸው በነዳጅ መኪና የማይሰማው ትንሽ ድምፅ ሁሉ ይሰማባቸዋል፤ ባትሪያቸው ከባድ በመሆኑም ጎማቸውንና የእግራቸውን መጋጠሚያዎች ያደክማል። ከፊት ማርሽ ወደ ኋላ ማርሽ ሲለወጥ አንዴ ብቻ የሚሰማ ጠቅታ ሁልጊዜ የጆይንት ማለቅ አይደለም፤ የሻፍቱ ትከሻ ከጎማው ኩሽኔታ ጋር የሚገናኝበት ገጽ ሲደርቅም ይከሰታል፤ ዳዶው ተፈቶ ገጹ ተጠርጎ ግሪስ ሲቀባ ይጠፋል። ልዩነቱን መለየት ቀላል ነው፤ ይኼኛው አይደጋገምም።

ምላሽ 18

ይህ የእኔ የውጤት ዘገባ ነበር። በምላሽ 9 ቅደም ተከተል ጀምሬ ዳዶዎቹ ጥብቅ፣ ቦል ጆይንቶቹና ቴስቲናዎቹ ልቅነት የሌለባቸው መሆናቸውን ከአንድ ጥንቁቅ መካኒክ ጋር አረጋገጥን። በመካከለኛው ዘንግ ላይ ምንም አልተሰማም፤ በምላሽ 8 ዘዴ ግን የቀኙ ሞላ በእጃችን ሥር ሲፈናጠር ተሰማን። ጠቅታው ጎልቶ የተሰማው ወደ ግራ ስንዞር ሲሆን፣ ሽፋኑ ተቀድዶ ግሪሱን ቸርኬው ላይ የረጨው የግራው ሻፍት ሆኖ ተገኘ፤ ማለትም በምላሽ 4 ሕግ ቢሆን ኖሮ ደኅናውን የቀኝ ሻፍት ለውጠን ነበር። የተለወጠው የግራው ሻፍትና የሁለቱም ወገን የላይኛው መቀመጫ ብቻ ነው። የመሪ ሳጥኑ አልተነካም፤ ሁለቱም ድምፆች ጠፍተዋል። አራተኛው ምላሽ ሰጪ ይህን አንብቦ መምህሩን በይፋ ይቅርታ መጠየቁን በደስታ እጠቅሳለሁ።

ምላሽ 19

አንጋፋው መካኒክ ስለ አገጣጠሙ ጥቂት ነገር አከሉ። የሻፍቱ ዳዶ ሁልጊዜ በአዲስ መለወጥ፣ በግምት ሳይሆን በመለኪያ ቁልፍ ፋብሪካው ባዘዘው ልክ መጥበቅ አለበት፤ ላልቶ ከቀረ ኩሽኔታውን ይበላል። የጎማ ዳዶዎቹም ለቪትዝ በ103 ኒውተን ሜትር ይጠብቁና ጥቂት ከተነዳ በኋላ ድጋሚ ይፈተሹ። ሾክ አብዞርበሩ ስለወረደ የጎማ አላይመንት ይሠራ። የብራቾ ጎሚኒ የሚያስለውጥ ካለ ደግሞ ብሎኖቹ ለመጨረሻ ጊዜ የሚጠብቁት መኪናው በጎማው ቆሞ ክብደቱ ካረፈበት በኋላ ነው፤ ተንጠልጥሎ ከጠበቀ ላስቲኩ ተጠምዝዞ ስለሚቀር ቶሎ ይቀደዳል።

ምላሽ 20

አንድ አዲስ አባል ፍጥነቱ ከ60 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲያልፍ የሚያጓራና መሪውን በትንሹ ወደ ቀኝ ሲያዘነብል የሚብስ ድምፅ እንዳለው ጠየቀ። መምህሩ የግራውን የፊት ኩሽኔታ እንዲጠረጥር፣ ከመለወጡ በፊት ግን የፊትና የኋላ ጎማዎቹን አቀያይሮ እንዲሞክር መለሱለት። ያልተስተካከለ የጎማ ጥርስም እንዲሁ ያጓራል፤ ድምፁ ከጎማው ጋር ወደ ኋላ ከሄደ ኩሽኔታው ደኅና ነው። ካልሄደ መኪናውን አንሥቶ ጎማውን በእጅ እያሽከረከረ ሌላውን እጁን ሞላው ላይ ያሳርፍ፤ ያለቀ ኩሽኔታ ንዝረቱን እዚያ ድረስ ይልካል።